ታናሽ ወንድሜ የዶታ 2 ተጫዋች ልሁን ይላል፤ ከደሴ ተነሥቶ እንጀራ ይሆነዋል?

ጠያቂ፦ የሰኞ ገበያ ልጅ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ከደሴ ነው። ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ በሒሳብ ሠራተኛነት ስለምሠራ ጠዋት የሀረጎን ጠመዝማዛ ወርጄ ማታ እመለሳለሁ፤ ስመለስም ታናሽ ወንድሜን የማገኘው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ኮምፒውተር ፊት እንደተቀመጠ ነው። ዕድሜው 17 ሲሆን የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። አባታችን ካረፈ ወዲህ የቤቱን ነገር ከእናቴ ጋር የምመክረው እኔ ስለሆንኩ፣ ባለፈው ሳምንት ያቀረበልኝን ጥያቄ ብቻዬን ልመልሰው አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ‹‹ዶታ 2 የሚባለውን፣ አምስት ለአምስት ሆነን የምንጫወተውን የቡድን ስትራቴጂ ጨዋታ ሙያዬ ላደርገው እፈልጋለሁ፤ የ12ኛ ክፍልን ትምህርት ለአንድ ዓመት ላቆየው፤ አንቺም የተሻለ ኮምፒውተር ግዢልኝ›› አለኝ። መጀመሪያ ተቆጣሁ። ሌሊት ግን ጠረጴዛው ላይ ትቶት የተኛውን ደብተር ገለጥኩት፤ የሒሳብ ደብተር መስሎኝ ነበር። ውስጡ የጨዋታው ካርታ በእርሳስ ተሥሏል፤ ሌን የሚባሉት ሦስቱ መንገዶች፣ ወንዙ፣ ጫካው ሁሉ አለ። ዳር ላይ ሮሻን ስለሚባለው የጨዋታው ግዙፍ ፍጡር ‹‹ሮሻን ከሞተ በኋላ ከ8 እስከ 11 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይመለሳል›› ተብሎ ተጽፏል። በሥሩም የተሸነፉባቸው ጨዋታዎች በተራ ተመዝግበው፣ በእያንዳንዱ አንጻር ስሕተቱ የተጀመረበት ደቂቃና ስሕተቱን የሠራው ልጅ ስም ሰፍሯል፤ ብዙ ቦታ የተጻፈው የራሱ ስም ነው። ይህን ያህል ራሱን የሚመረምር ልጅ ጊዜውን እያባከነ ነው ለማለት አፌ አልደፍር አለኝ።

ስለዚህ የምታውቁ ሰዎች እንድትነግሩኝ እለምናለሁ። ይህ በእውነት ሰው የሚተዳደርበት ሥራ ነው ወይ? አንድ ተጫዋችስ ስንት ዓመት ይሠራበታል? ደሴ ተቀምጦ የሚጀመር ነገር ነው? ልጁን ላሳዝነው አልሻም፤ እናቴ ሰኞ ገበያ ጉልት ተቀምጣ ያስተማረችንን ትምህርት ደግሞ በእኔ ፈቃድ ሲያቋርጥ ማየት ይከብደኛል።

መልስ፦ ከጦሳ ሥር

እህቴ፣ መቆጣትሽንም፣ ደብተሩን ገልጠሽ ማየትሽንም ወድጄዋለሁ። እኔም የደሴ ልጅ ነኝ። ለትምህርት ማሌዥያ በነበርኩበት ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ጋር በዶታ ቡድን ሦስት ዓመት ያህል ተወዳድሬያለሁ። ከማጣሪያ አላለፍንም፤ ነገር ግን ሥራው ምን እንደሚጠይቅ ከቅርብ አይቻለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰው ይተዳደርበታል ወይ ላልሽው፣ አዎን፣ የሚተዳደሩበት ሰዎች አሉ። የዶታ 2 ትልቁ ውድድር ‹‹ዘ ኢንተርናሽናል›› ይባላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ2011 ጀርመን ኮሎኝ ሲሆን፣ ያሸነፈው የዩክሬኑ ናቱስ ቪንቼሬ 1 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በ2015 ባሸነፈው የአሜሪካው ኢቪል ጂኒየስስ ውስጥ ደግሞ ሱማይል ሐሰን የሚባል የ16 ዓመት ልጅ ነበረ። ካራቺ፣ ፓኪስታን የተወለደ ልጅ ነው፤ በኢንተርኔት ቤት ለመጫወት ብስክሌቱን እስከ መሸጥ ደርሷል። ቡድኑ በዚያ ውድድር ብቻ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘ። ወንድምሽ ይህን ታሪክ በቃሉ እንደሚያውቀው አልጠራጠርም። ሲተረክ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውን ግን ልንገርሽ፤ ሱማይል ወደዚያ ቡድን የገባው ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ ነው። ችሎታው ካራቺ ሳለም አብሮት ነበር፤ ቡድንና መድረክ ግን እዚያ አልነበረውም።

ስለ ገንዘቡም አንድ ነገር ማወቅ ይኖርብሻል፤ በሒሳብ ሥራሽ ምክንያት ከእኔ ይልቅ አንቺ ትረጂዋለሽ ብዬ አምናለሁ። የዘ ኢንተርናሽናል ሽልማት ከ2013 ጀምሮ ያደገው ተጫዋቾች በየዓመቱ ለውድድሩ ሰሞን ከሚገዙት ልዩ ጥቅል ሽያጭ አንድ አራተኛው ወደ ሽልማቱ ቋት ስለሚገባ ነበር። በዚህ መንገድ በ2021 ቡካሬስት ላይ 40 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ከዚያ በኋላ የጨዋታው ባለቤት የሆነው ቫልቭ ያንን ሰፊ ሽያጭ ከውድድሩ ሲለየው፣ በ2023 ሽልማቱ ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወረደ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከአሥር እጅ አንድ እጅ እንኳ አልቀረም፤ ተጫዋቾቹ ደግሞ በ2021 ከነበራቸው ችሎታ ምንም አላጎደሉም። እግር ኳስ የማንም ኩባንያ ንብረት አይደለም። ይህ ጨዋታ ግን ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ሕጉን፣ ካርታውንና ሽልማቱን በፈለገው ቀን ይለውጣል። ፓች የሚባለው ማሻሻያ በወጣ ቁጥር ትናንት ዋንጫ ያስገኘው ስልት ዛሬ ከንቱ ሊሆን ይችላልና፣ ለዓመታት ያጠኑትን ጥለው እንደገና ከሀ መጀመር የማይሰለቻቸው ናቸው የሚቆዩት። የወንድምሽ ደብተር ተስፋ የሰጠኝም በዚህ ምክንያት ነው።

ዕድሜን በተመለከተ፣ ብዙዎቹ ለአቅመ አዳም ሲደርሱ ይጀምሩና በሃያዎቹ አጋማሽ ይወጣሉ። በሌላው ታዋቂ የቡድን ጨዋታ በሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ስመ ጥር የነበረው ቻይናዊው ኡዚ በ2020 መሰናበቱን ሲያስታውቅ ገና 23 ዓመቱ ነበር፤ ያቀረበውም ምክንያት የጤና መታወክ ነበር፤ ከዚያም አንዱ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ፣ ሌሊቱን አጋምሶ፣ ምግብን እንደነገሩ ቀምሶ የሚኖር ሰውነት በዚህ ዕድሜም ይከዳል። በአንጻሩ በዚያው ጨዋታ ደቡብ ኮሪያዊው ፌከር በ2013 በ17 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ፣ በ2025 በ29 ዓመቱ ስድስተኛውን ዋንጫ አንሥቷል። እርሱም ቢሆን በ2023 ሐምሌ ላይ እጁን ታምሞ ለጥቂት ሳምንታት ከውድድር ወጥቶ ነበር። የሚገርመው በዚያ ጊዜ የሆነው ነው፤ አራቱ ባልደረቦቹ እነዚያው ሳሉ ቡድኑ ቲዋን አብዛኛውን ግጥሚያ ተሸነፈ፤ እርሱ ሲመለስ ደግሞ በዚያው ዓመት የዓለም ዋንጫ ወሰዱ። እኔ እንደማየው የጎደለው የአንድ ሰው የጣት ፍጥነት አይመስለኝም፤ መቼ እንግባ፣ መቼ እንሽሽ የሚለውን አራቱም አምነው የሚሰሙት ድምፅ ነበር የጠፋው።

ስለዚህ ወንድምሽን ‹‹ስንት ነጥብ አለህ?›› ብለሽ አትጠይቂው። ‹‹ከእነዚያው ሰዎች ጋር ሳትበተኑ ስንት ወር ተጫወታችሁ?›› በይው። በ2018 ኦጂ የተባለው የዶታ ቡድን ታላቁ ውድድር ዘ ኢንተርናሽናል ጥቂት ወራት ሲቀሩት ተጫዋቾች ለቀውበት ነበር። አሠልጣኙ ሴብ ወንበሩን ለውጦ ራሱ ተጫዋች ሆነ፤ ከዚያ በፊት ይህን በመሰለ መድረክ ቆሞ የማያውቅ ቶፕሰን የሚባል ፊንላንዳዊም ተጨመረ። ለማንም ክፍት ከሆነው ማጣሪያ ተነሥተው ዋንጫውን ወሰዱ፤ በ2019 ሻንግሃይ ላይም ደገሙት። ከእነርሱ በስም የሚገዝፉ ቡድኖች ነበሩ፤ ካፒቴኑ ኖቴይል ግን ከጓደኞቹ አንዱ ሲሳሳት የማይጮኽበት ቡድን ነበር የሠራው።

ትምህርቱን ያቋርጥ ወይ ላልሽው፣ እኔ አላቋርጥም ነበር። ገና ደመወዝ የሚከፍለው ቡድን ሳይጠራው ትምህርት ማቆም፣ መኪና ሳይመጣ መንገድ ዳር አልጋ ዘርግቶ መተኛት ነው።

መልስ፦ ቦርከና ዳር

እኔ የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ፤ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ከላይ በተጻፈው እስማማለሁና የምጨምረው ስለ ርቀት ብቻ ነው፤ ብዙ ወላጆች ይህን ስለማያውቁት ልጁን ‹‹ሰነፍ ስለሆንክ ተሸነፍክ›› ይሉታል።

ዶታ የሚካሄደው በልጁ ኮምፒውተር ውስጥ ሳይሆን ሰርቨር በሚባል ሌላ ቦታ ባለ ማእከላዊ ኮምፒውተር ላይ ነው። ለእኛ ቅርብ የሚባለው ዱባይ ያለው ሲሆን ሌላው ደቡብ አፍሪካ ይገኛል። ከደሴ እስከ ዱባይ በአየር ቢለካ ወደ 2300 ኪሎ ሜትር ነው። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ቀጥተኛ መስመር ቢኖር ኖሮ መልእክቱ ደርሶ ለመመለስ 25 ሚሊ ሰከንድ ይበቃው ነበር። ነገር ግን አገራችን የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ በጎረቤት አገር በኩል ወደ ባሕር ገመድ ይወጣል፤ ከዚያም አንዳንዴ ወዲያ ወዲህ ዞሮ ነው የሚደርሰው። እኔ ማታ ከቤቴ ስለካ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በታች አግኝቼ አላውቅም፤ በተጨናነቀ ሰዓት ከ200 በላይ ይሆናል። ዱባይ ከተማ ውስጥ ለሚጫወተው ተጋጣሚ ይህ ቁጥር እዚህ ግባ የማይባል ነው። ወንድምዎ ጠላቱን ሲያይ ጠላቱ ቀድሞ አይቶታል ማለት ነው።

ይህ ማለት አይሞከር ማለት አይደለም፤ ገንዘቡ የት መዋል እንዳለበት ግን ይጠቁማል። ዶታ 2 በነጻ የሚገኝ ጨዋታ ነው፤ እጅግ ውድ ኮምፒውተርም አይፈልግም። ስለዚህ አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛትዎ በፊት ልጁ በዋይፋይ ነው ወይስ በገመድ የሚጫወተው ብለው ይጠይቁት። በዋይፋይ ከሆነ ከራውተሩ እስከ ኮምፒውተሩ ገመድ ይዘርጉለት። ፒንግ፣ ማለትም መልእክቱ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ፣ ከፍ ብሎ የማይነቃነቅ ከሆነ እጅ ይለምደዋል፤ አንዴ 110 አንዴ 300 እያለ የሚዘል ከሆነ ግን ማንም ሊለምደው አይችልም። የተረፈውን ገንዘብ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ለሚያቆየው መሣሪያ ለዩፒኤስ ያውሉት። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም አብሮ ይጠፋል፤ አንድ ተጫዋች ከጨዋታው ተቋርጦ በጠቅላላው 5 ደቂቃ ከቀረ ጥሎ እንደሄደ ይቆጠርበታል፤ ይህ ሲደጋገም ደግሞ ከሌሎች ቅጣተኞች ጋር እንዲጫወት ይደረጋል። በዚህ ምክንያት ስማቸው ያለ ጥፋታቸው የተበላሸ ልጆች አውቃለሁ።

መልስ፦ የፒያሳው

እመቤቴ፣ እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ስምንት ኮምፒውተር ያለው ጌም ቤት አራት ዓመት ይዤ ነበር። ስለ ዓለም ውድድር እንደ ከላይኛው ወንድማችን የማውቀው የለኝም፤ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርዎት።

በሁለተኛው ዓመት በነጥብ ከሁሉም የበለጡትን አምስት ልጆች መርጬ ቡድን አቋቋምኩ። እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሲጫወቱ ቤቱ ሙሉ ሰው ከኋላቸው ቆሞ ያያቸው ነበር፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን በ25 ደቂቃ ይሸነፉ ጀመር። ለሁለት ሳምንት ምክንያቱ ጠፍቶኝ ሰነበተ። ኋላ ላይ ዝም ብዬ ወርቅ ወርቁን ስቆጥር ገባኝ። በዶታ አንድ ፍጡር ሲሞት ወርቁን የሚያገኘው የመጨረሻውን ምት የመታው ነው፤ ሜዳው ላይ ያለው ወርቅ ደግሞ አምስት ሰው እኩል አያበለጽግም። ስለዚህ ቡድኖች ከ1 እስከ 5 ተራ ያወጣሉ። ቁጥር 1 ኬሪ ይባላል፤ ወርቁ ለእርሱ ይተውለታል፤ ጨዋታው ሲገፋ ሁሉን የሚሸከመው እርሱ ነውና። ቁጥር 5 ሰፖርት ነው፤ ያለ ወርቅ ይኖራል፣ በየጨለማው ጠላት የሚታይበትን፣ ዋርድ የሚባለውን ጠባቂ ዓይን ይተክላል፣ ከሁለት አንዱ መሞት ካለበት ቀድሞ ይሞታል። የእኔ አምስት ልጆች ሁሉም ቁጥር 1 ነበሩ።

በነጥብ ዝቅ ስለሚል ያልመረጥኩት አንድ ዝምተኛ ልጅ ነበረ። አንድ ቅዳሜ ከአምስቱ አንዱ ሲቀር እርሱን አስገባነው። ማንንም አልገደለም። ነገር ግን ዝምተኛው ልጅ ማዳመጫውን ሲያደርግ ሌላ ሰው ሆነ፤ ‹‹ሚዳቸው (የመሐል መንገዱ ተጫዋቻቸው) ከካርታው ጠፍቷል፣ ወንዙን ልቀቁ››፣ ‹‹አሁን አትጋጠሙ፣ 30 ሰከንድ ቆዩኝ›› ይላል፤ ድምፁን ግን አንድም ጊዜ ከፍ አላደረገም። ያን ዕለት አሸነፉ፤ ከዚያም በኋላ ቡድኑ የእርሱ ሆነ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ የቀሩት አራቱ አሁንም ሲደክማቸው ይደውሉለታል።

ወንድምዎን ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ይጠይቁት። መልሱ ብዙ ነገር ይነግርዎታል። አንድ ነገር ደግሞ እባክዎ ይጠብቁት፤ የውርርድ ነገር። ጌም ቤቴ ውስጥ ያበረድኳቸውን ጠቦች ብቆጥር ግማሹ በውርርድ የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የታወቀ የዶታ ተጫዋች በራሱ ቡድን ሽንፈት ላይ ተወራርዶ 322 ዶላር አገኘ፤ ተነቅቶበትም ከውድድር ታገደ። ‹‹322›› የሚለው ቁጥር እስከ ዛሬ ድረስ ሆን ብሎ ለሚሸነፍ ሰው መሰደቢያ ሆኖ ቀርቷል። ልጁ ይህን ታሪክ ከእርስዎ አፍ ቢሰማው ደስ ይለኛል፤ እህቱ ዓለሙን እንደምታውቅለት ይገባዋልና።

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ አብሽሪ። ጨዋታውን አላውቀውም፤ ልጆችን ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምሬያለሁ። ‹‹አይሆንም›› ብለሽ ብትዘጊበት ተደብቆ ይሠራዋል፤ ‹‹እሺ›› ብለሽ ብትለቂው ደግሞ ከወደቀ በአንቺ ያዝናል። ቁጭ አድርጊውና በወረቀት ተዋዋሉ። በሌሊት ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ የትምህርት ውጤቱ ከየት እንዳይወርድ፣ እስከ ፋሲካ ድረስ በጨዋታው የት መድረስ እንደሚፈልግ ራሱ ይጻፈው፤ አንቺ አትጻፊለት። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዞሮ ይመጣል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፤ ከክፍል የወጣ ልጅ ወደ ክፍል መመለሱን ግን ብዙ ጊዜ አላየሁም።

ጠያቂ፦ የሰኞ ገበያ ልጅ

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ያላችሁትን ሳነብ ሰንብቼ ትናንት ማታ፣ እናቴ ቡና እያፈላች ሳለ፣ ‹‹ለመሆኑ ስንት ቁጥር ነህ?›› አልኩት። ማዳመጫውን አውልቆ አንገቱን አዞረና ትክ ብሎ አየኝ። ‹‹አምስት›› አለኝ። ‹‹ለምን አምስት?›› ብለው፣ ‹‹ሌላው ሁሉ አንድ መሆን ስለሚፈልግ፤ ደግሞ ፒንጋችን ከፍተኛ ስለሆነ በፍጥነት አንበልጣቸውም፤ ቀድሜ ማሰብ ግን እችላለሁ›› አለኝ። ቦርከና ዳር ያሉት ወንድማችን የጻፉትን ከእኔ በፊት ያነበበ መስሎኝ ጠየቅሁት፤ አላነበበም።

ከዚያ በኋላ ረጅም ሰዓት አወራን። ከሦስት ልጆች ጋር ሳይበተኑ ሰባት ወር ተጫውተዋል፤ ሁለቱ የሆጤ፣ አንዱ የሙጋድ ልጆች ናቸው። የ12ኛ ክፍል ትምህርቱን በመስከረም እንዲጀምር ተስማምቷል፤ ለመስማማት አንድ ሰዓት ፈጅቶበታል፤ ሲስማማም ፊቱ ጥቁር ብሎ ነበርና እኔም ደስ አላለኝም። ኮምፒውተሩ ይቆይ ብለናል። በምትኩ በዚህ ደመወዝ ገመዱን፣ በሚቀጥለው ዩፒኤሱን እገዛለሁ። መምህር እንዳሉት ወረቀቱን ራሱ ጽፎታል፤ እንቅልፍን በተመለከተ የጻፈው ሰዓት ግን ገና ስላላስማማን በእርሳስ ነው ያለው። እሑድ እሑድ ደግሞ ከተሸነፉባቸው ጨዋታዎች አንዱን አብሬው ላይ ቃል ገብቼለታለሁ፤ የመጀመሪያውን ዛሬ አየን፤ ግማሹ አልገባኝም፣ እርሱ ግን እያቆመ ሲያስረዳኝ ድምፁ እንደ አባታችን ሆኖ ተሰማኝ።

አሁን የቸገራቸው አምስተኛው ሰው ነው፤ በየሳምንቱ የሚለዋወጠው ቦታ ቁጥር 3፣ ኦፍሌን የሚሉት ነው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የሚኖር፣ የሚማር፣ የማይሳደብና የማይወራረድ ቁጥር 3 የምታውቁ ካላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ፤ ለወንድሜ አሳየዋለሁ።